እጅ ጀርባችሁን ከመንካቱ በፊት፦ ለኦስቲዮፓቲ ክሊኒክ አዲስ ታካሚዎች

አዳማ ውስጥ ወገቡን አሞት የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከጅቡቲ መስመር ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ የሚገባ የከባድ መኪና ሹፌር አለ። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ውስጥ ታጥፎ የሚውል ወጣት አለ። ምጣድ ፊት ጎንበስ ቀና ስትል የምትውል እንጀራ ጋጋሪ አለች። ሁሉም የየራሱ መላ አለው። አንዱ ቅዳሜን ጠብቆ ሶደሬ ፍል ውኃ ይወርዳል። አንዱ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል። አንዱ ዲክሎፌናክ ገዝቶ ይውጥና ሥራውን ይቀጥላል።

አሁን አሁን ደግሞ ኦስቲዮፓቲ የሚባል፣ በእጅ የሚደረግ ሕክምና ይወራል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በስልክ ያነሳዋል። ጀርባ ሲጫኑ፣ አንገት ሲያንቋቁ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችም ስልካችን ላይ ሞልተዋል። ሰው አይቶ ይጓጓል፤ "እኔም እንዲህ ቢያደርጉኝ እድን ነበር" ይላል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያደረገኝ የአክስቴ ነገር ነው። አክስቴ ወንጂ ነው የምትኖረው። ወገቧን ሲያማት "ብርድ ነው" ተባለ። ሶደሬ ሄደች፣ አልተሻላትም። ከዚያ በእጁ የሚያክም ሰው አለ ተባለና እኔው ራሴ ይዣት ሄድኩ። ሰውየው አንድም ነገር አልጠየቃትም። በሆዷ አስተኛትና መጫን ጀመረ። ለሦስት ወር ያህል ተመላለስን። እየባሰባት ሄደ።

በመጨረሻ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ደረስን። እሷ ግን ቶሎ አልነካቻትም። ቁጭ አድርጋ ጠየቀቻት። "እማማ፣ ሌሊት ያልብዎታል? ክብደት ቀንሰዋል?" አክስቴ ሳቅ አለችና "ኧረ ልጄ፣ ቀሚሴ እየሰፋኝ በመቀነት አጥብቄ ነው የምታጠቀው" አለች። ባለሙያዋ እጇን ሳታሳርፍባት ወደ ሆስፒታል ላከችን። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ሙሉ አንድ ዓመት መድኃኒት ወሰደች፤ ዛሬ በእግሯ ትሄዳለች። ያ ሰውዬ ግን ለሦስት ወር በበሽታ የተበላ አጥንት ላይ ሲጫን ነበር። እኔም አጠገቡ ቆሜ አይ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያተኩራል፦ ሰው ጀርባችሁን ከመንካቱ በፊት ምን መታወቅ አለበት?

አንደኛ፦ ማን ዘንድ እንደምትሄዱ ለዩ

ኦስቲዮፓቲን የጀመረው አንድሪው ቴይለር ስቲል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 ሦስት ልጆቹን በማጅራት ገትር አጣ። የዘመኑ ሕክምና ምንም ሊያደርግላቸው አልቻለም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1874፣ አዲሱን ሐሳቡን ይፋ አደረገ። አጥንት፣ ጡንቻ፣ ነርቭና የደም ዝውውር አንድ ላይ የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱ ሲታወክ ሌላው ይታወካል የሚል ነው። በ1892 ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ከርክስቪል በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያ በፊት ግን ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲያክም ራሱን "መብረቅ ወጌሻ" ብሎ ያስተዋውቅ ነበር። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ሙያው ከእኛው ወጌሻ ያን ያህል የራቀ ዘር የለውም ማለት ነው።

ዛሬ ግን ስሙ በየአገሩ የተለያየ ነገር ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው ሙሉ ሐኪም ነው። መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ኦስቲዮፓት በ1993 በወጣ ሕግ የሚመዘገብ የእጅ ሕክምና ባለሙያ ነው እንጂ ሐኪም አይደለም። መድኃኒት አያዝም። ስለዚህ አሜሪካ ያለችው የአክስታችሁ ልጅ "የእኔ ዶክተር ኦስቲዮፓት ነው" ስትላችሁና ለንደን ያለው ወንድማችሁ "ኦስቲዮፓት ዘንድ ሄድኩ" ሲላችሁ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች ሊሆን ይችላል።

እኛ አገር ሙያው ገና አልተስፋፋም። በእጅ ለሚደረግ ሕክምና በብዛት የምናገኘው ፊዚዮቴራፒስት ነው። "ኦስቲዮፓቲ" የሚል ታፔላ ብታዩ ውስጥ ያለው ሰው ፊዚዮቴራፒስት ሆኖ ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ሊሆን ይችላል። ውጭ ተምሮ የመጣም ሊሆን ይችላል። ጥቂት ሳምንት ማሳጅ የተማረም ሊሆን ይችላል። ታፔላው ይህን አይነግራችሁም። መጠየቅ አለባችሁ።

ሦስት ነገር ጠይቁ። የት ተማሩ? ስንት ዓመት? የሙያ ፈቃድዎ በምን ሙያ ነው? ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ካያችሁ ማኅተሙን ብቻ ሳይሆን የሙያውን ስም አንብቡ። አገራችን ሰውን እንዲህ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ነውር አይደለም። ራሱን የሚያከብር ባለሙያ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። "አምነሽ ካልመጣሽ ምን አመጣሽ?" የሚል መልስ ካገኛችሁ ባጃጅ ጠርታችሁ ተመለሱ።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን እግራችንን ወለም ሲለን በወጌሻ እጅ ድነናል፤ ሙያቸውን አልንቅም። ነገር ግን አጥንት ሲሰበር በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር እጅና እግር አሳጥቷል። የታሰረው እጅ ወይም እግር ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እስኪነጋ አትጠብቁ። ማሰሪያውን ፈትታችሁ ሆስፒታል ሩጡ።

ሁለተኛ፦ መጀመሪያ ሐኪም ማየት ያለባችሁ መሆኑን አረጋግጡ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። አብዛኛው የወገብ ሕመም ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ይቀላል። ጥቂቱ ግን ሌላ በሽታ ነው። ያን ጥቂት ማሸት አይፈውሰውም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል።

ቲቢ የመጀመሪያው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቲቢ ዛሬም ብዙ ነው። ሰው ቲቢ ሲባል ሳንባና ሳል ብቻ ይመስለዋል። አከርካሪንም ይይዛል። ሳል ላይኖር ይችላል። ቀስ ብሎ ይጀምርና በወራት ውስጥ ይበረታል። ተኝታችሁም አይተዋችሁም። ማታ ማታ ትኩሳት፣ አንሶላ የሚያረጥብ ላብ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ክብደት መቀነስ ሊኖር ይችላል። አንዳንዴ ጀርባ ላይ ጉብ ያለ ነገር ይወጣል። ከነዚህ አንዱም ቢኖር መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው።

ሁለተኛው ብሩሴሎሲስ የሚባል ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው፣ ከብት፣ ፍየልና ግመል የሚያረባ ሰው ይጠንቀቅ። ሄድ መለስ የሚል ትኩሳት፣ ላብና የወገብ ሕመም ያመጣል። እኛ አካባቢ የግመል ወተት በጥሬው መጠጣት የተለመደ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት።

ሦስተኛው አንድ ሰዓት እንኳ የማይሰጥ ነው። ወገባችሁን እያመማችሁ ሽንት እንቢ ካላችሁ ወይም ካመለጣችሁ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ኮርቻ ላይ ስትቀመጡ የሚነካው ቦታ ማለትም መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግር እየዛለ ከሄደ፣ ይህ ድንገተኛ ነው። ከወገብ በታች ያሉት ነርቮች ታፍነዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ የለም፣ "ነገ እናያለን" የለም። በቀጥታ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ወይም ቅርባችሁ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ቀዶ ሕክምናው ከዘገየ ጉዳቱ የዕድሜ ልክ ይሆናል። ስለ ሽንትና ስለ ብልት ማውራት ስለምናፍር ብዙ ሰው ይህን ደብቆ ይቆያል። እባካችሁ አትደብቁ።

ከዚህ ሌላ፦ ከወደቃችሁ ወይም የመኪና አደጋ ከደረሰባችሁ በኋላ የጀመረ ሕመም መጀመሪያ ራጅ ያስፈልገዋል። ካንሰር ኖሮባችሁ የሚያውቅ ከሆነም እንዲሁ። ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ የደረት መጨነቅ የጡንቻ ነው ብላችሁ አትታሹ፤ የልብ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፦ የሕመማችሁን ታሪክ ጻፉ

በደንብ የሚሠራ ክሊኒክ ከሆነ የመጀመሪያው ቀጠሮ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ብዙው ጊዜ የሚያልፈው በጥያቄ ነው። እኛ ደግሞ ሐኪም ፊት ስንቀርብ ሁሉንም እንረሳለን። "ያመኛል" ብለን ዝም። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ቁጭ ብላችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩት።

በቦታው ጀምሩ። እኛ አገር የታችኛው ጀርባ ሲያመን "ኩላሊቴን ነው" እንላለን። ይህ ቃል ባለሙያውንም ያሳስታል፣ እናንተንም ያስፈራል። ቃሉን ተዉትና በአንድ ጣት አሳዩት። ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ እስከ የት እንደሚወርድ ተናገሩ። እስከ ጉልበት? እስከ አውራ ጣት? ይህ ትልቅ ልዩነት አለው። ከጉልበት አልፎ እስከ እግር ጣት የሚወርድ ከሆነ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ዓይነቱን ግለጹ። አማርኛ ለሕመም ሀብታም ቋንቋ ነው፤ ተጠቀሙበት። ይጠዘጥዛል? ይወጋል? ይለበልባል? እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል? እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል? ይጨመድዳል? መንዘር፣ መለብለብና መርመስመስ ብዙ ጊዜ የነርቭ ነው። መጨምደድና መጠዝጠዝ ብዙ ጊዜ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ነው። አባታችሁ ወይም እናታችሁ አፍ የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ ይናገሩ። አዳማ ላይ የሚሰማ ባለሙያ አይጠፋም፤ ከጠፋም አብራችሁ ገብታችሁ አስተርጉሙ። ሰው ሕመሙን በአፍ መፍቻው ሲናገር ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ ሰዓቱን። ጠዋት ስትነሱ ግትር ብሎ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ፣ ስትንቀሳቀሱ የሚለቅና ስታርፉ የሚብስ ከሆነ ጻፉት። በተለይ ወጣት ከሆናችሁ። የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ የሚብስ ከሆነ ሥራችሁን ዘርዝሩ። "ሹፌር ነኝ" አይበቃም። ስንት ሰዓት ትነዳላችሁ? ወንበሩ እንዴት ነው? ዕቃ ትጭናላችሁ? "የቤት እመቤት ነኝ" ደግሞ ምንም አይናገርም። ውኃ በጀሪካን ትቀጃለሽ? ልጅ ታዝያለሽ? በሳምንት ስንት ጊዜ ትጋግሪያለሽ?

መድኃኒት ላይ ምንም አትዝለሉ። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ካላችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። እኛ ዘንድ በልብ ቫልቭ በሽታ ምክንያት ይህን መድኃኒት የሚወስዱ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ጠንካራ ግፊት ውስጥ ለውስጥ ሊያደማቸው ይችላል። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውም ይናገር። አንዳንዱ "ያወፍራል" ተብሎ፣ አንዳንዱ ለቁርጥማት ብሎ ለዓመታት ይውጠዋል። አጥንትን ያሳሳል። የሳሳ አጥንት ሲጫኑት ይሰበራል። ማስታገሻም ቢሆን ቁጠሩት። በቀን ስንት ዲክሎፌናክ? ለስንት ወር? ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፤ የደም ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል። የባህል መድኃኒትም መድኃኒት ነው፤ ጻፉት።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ልትሆኚ ትችያለሽ ብለሽ ካሰብሽ መጀመሪያ ተናገሪ። ሕክምናው አይከለከልም። አተኛኘቱና አያያዙ ግን ይለወጣል። ራጅም አትነሺም።

አራተኛ፦ የምትይዙት

የድሮ ራጅ፣ ኤምአርአይ፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ የሪፈር ወረቀት፣ የመድኃኒቱ ካርቶን። ሁሉንም በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ያዙ። የራጁን ፊልም ከነጽሑፉ እንጂ ጽሑፉን ብቻ አትያዙ።

ኤምአርአይ ከሌላችሁ ግን ለመጀመሪያ ቀን ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ። እዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። "ዲስክ ተንሸራቷል" የሚል ወረቀት ይዞ ሕይወቱ ያበቃ የሚመስለው ሰው በዝቷል። ዕቃ አላነሳም፣ አልጫወትም፣ አልወልድም ይላል። ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለው ለስላሳ ትራስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ምንም ወገባቸውን የማያማቸውን ሦስት ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ምስል ሰብስቦ ነበር። በ20 ዓመታቸው 30 በመቶ የሚሆኑት፣ በ50 ዓመታቸው 60 በመቶ የሚሆኑት፣ በ80 ዓመታቸው ደግሞ 84 በመቶ የሚሆኑት ዲስካቸው ወጣ ያለ ነው። አያማቸውም ግን። ምስሉ ላይ የሚታየው ነገር እንደ ፀጉር ሽበት የዕድሜ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ምስሉን ከሕመማችሁ ጋር ሲያገናኘው ነው ትርጉም የሚኖረው።

ልብስ፦ ቱታ ሱሪ ወይም ቁምጣና ሰፊ ቲሸርት ይበቃል። ባለሙያው ጀርባችሁን ማየት ስለሚፈልግ የላይኛውን ልብስ አውልቁ ሊል ይችላል። ነጠላ ወይም ሻሽ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው፤ የማይታየውን ቦታ ትሸፍኑበታላችሁ። አልፈልግም ማለትም መብታችሁ ነው፤ በልብስ ላይ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። ከባድ ምሳ በልታችሁ ወዲያው አትሂዱ። በሆድ መተኛት ይከብዳችኋል።

አምስተኛ፦ ስልክ ደውሉ

ከመሄዳችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ። የመጀመሪያው ቀን ስንት ነው? ከዚያ በኋላስ? ካርድ ለብቻው ይከፈላል? ሴት ባለሙያ ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ጠይቁ፤ እዚያ ደርሳችሁ አትሳቀቁ። ሰው ይዤ መግባት እችላለሁ በሉ። አይቻልም የሚል ቦታ አትሂዱ።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ገና ሳያዩአችሁ "የ20 ቀን ጥቅል አለን፣ አስቀድመው ቢከፍሉ ቅናሽ እናደርጋለን" የሚሉ አሉ። ሕመማችሁን ሳያውቅ ስንት ቀን እንደሚያስፈልጋችሁ ከየት አወቀ? የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ክፈሉ።

ስድስተኛ፦ ክፍሉ ውስጥ

ጥያቄው ሲያልቅ አቁመው ያዩአችኋል። ከኋላ፣ ከጎን። ጎንበስ በሉ፣ ወደ ኋላ ዘንበል በሉ፣ ዙሩ፣ በተረከዝ ተራመዱ ይባላል። እግራችሁ ላይ ነርቭን የሚያስጠረጥር ነገር ካለ በትንሽ መዶሻ ጉልበታችሁን መታ መታ ያደርጋሉ። ከዚያ በእጅ ይዳስሳሉ። ኦስቲዮፓት ወገባችሁን እያመማችሁ ዳሌያችሁን ወይም የጎድን አጥንታችሁን ቢነካ አትገረሙ። አስተምህሮው እንዲህ ነው።

ከዚህ በኋላ ቁጭ አድርጎ "ይመስለኛል" የሚለውን ሊነግራችሁ ይገባል። ምን እንደሆነ፣ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ፣ ምን ጉዳት ሊኖረው እንደሚችል፣ ሌላ ምን አማራጭ እንዳለ። ይህ ሳይነገራችሁ ሕክምና አይጀመርም። ካልነገራችሁ ጠይቁ።

አሠራሩ ብዙ ዓይነት ነው። ጡንቻን ማሸትና መሳብ አለ። መገጣጠሚያን ቀስ አድርጎ ደጋግሞ ማንቀሳቀስ አለ። እናንተ ስትገፉ እሱ ሲይዝ፣ ከዚያ ለቀቅ ሲያደርግ የሚሠራ አለ። ቪዲዮ ላይ የምታዩት ፈጣን ግፊት ደግሞ "ቋ" የሚለው ነው። ያ ድምፅ አጥንት ወደ ቦታው ሲመለስ አይደለም። መገጣጠሚያው ውስጥ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የጋዝ አረፋ ሲፈጠር የሚሰማ ነው፤ ጣታችሁን ስታንቋቁ እንደሚሰማው። "አከርካሪህ ከቦታው ወጥቶ ነበር፣ መለስኩት" የሚላችሁን አትመኑ። አከርካሪ እንደ በር ማጠፊያ ወጥቶ የሚገባ አይደለም። ድምፅ ባይሰማም ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም።

አንገት ላይ ልቆይ። አንገትን በፍጥነት መጠምዘዝ አልፎ አልፎ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊሰነጥቅና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን ከባድ ነው። ድንገት የጀመረ ከዚህ በፊት የማታውቁት የአንገት ሕመም፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የዓይን ብዥታ ወይም የምላስ መተሳሰር ካለባችሁ አንገታችሁን ማንም አይጠምዝዝ፤ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ባይኖርባችሁም "አንገቴን በፍጥነት እንዲጠመዝዙት አልፈልግም" ማለት ትችላላችሁ። ቀስ ተብሎ የሚሠራ ሌላ መንገድ አለ። እኔ ብሆን ይህንኑ ነው የምለው። የፀጉር ቤቱ ልጅ ፀጉር ቆርጦ ሲጨርስ አንገት የሚያንቋቃውንም እምቢ በሉት።

መሐል ላይ ካመማችሁ "ቻለው" ብላችሁ ጥርሳችሁን አትንከሱ። "ቁም" በሉ። ደስ የሚል ሕመም አለ፤ ተጭኖ የሚለቅ። እሱ ምንም አይደለም። የሚወጋ፣ ወደ እግር የሚነዝር፣ ትንፋሽ የሚያቆም ከሆነ ግን ወዲያው ይቁም።

የራስ ቅልን በቀስታ በመዳሰስ የሚሠራም አለ፤ ለጨቅላ ሕፃናት ጭምር። ይጠቅማል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለውም። የሚያለቅስ፣ የማይጠባ፣ የሚያተኩሰው ሕፃን ካላችሁ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ሰባተኛ፦ ወጥታችሁ ወደ ቤት

በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ሰውነታችሁን ሊቆረጣጥማችሁ ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆፍሮ እንደዋለ ሰው። ይህ የተለመደ ነው። አይበርታ እንጂ። ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ፣ እየባሰ ከሄደ፣ አዲስ መደንዘዝ ከመጣ ደውሉ። ሽንት ላይ ችግር ከመጣ ደግሞ ከላይ እንዳልኩት ድንገተኛ ነው።

ያን ቀን ከባድ ዕቃ አታንሱ። ሩቅ መንገድ አትንዱ። ባጃጅ ውስጥ ኮብልስቶን ላይ እየተንገጫገጩ መሄድ ጀርባ ለሚያመው ሰው ከባድ ነው፤ ሹፌሩን ቀስ በል በሉት። ቤት ስትደርሱ ግን አልጋ ላይ አትውደቁ። ወገቡን ያመመው ሰው ለቀናት ተኝቶ ይዋል የሚባለው ምክር ድሮ ቀርቷል። በተኛ ቁጥር ጡንቻው ይደክማል። በየሰዓቱ ተነስታችሁ ግቢ ውስጥ ዞር ዞር በሉ። ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ወይም ሞቅ ያለ ፎጣ ማድረግ ይረዳል። ሶደሬም ለዚህ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱ ጡንቻ ያላላል። ፍል ውኃ ግን ቲቢን አያድንም፤ የተሰበረም አይጠግንም።

ስምንተኛ፦ ስንት ጊዜ ልመላለስ?

እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ለወገብ ሕመም ከክኒን በፊት ሙቀትን፣ ማሳጅንና አከርካሪን በእጅ ማከምን መሞከር ጥሩ ነው ብሏል። የብሪታንያው የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ ደግሞ በ2016 የእጅ ሕክምና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ተጣምሮ እንጂ ለብቻው አይሰጥ ብሏል። ሁለተኛውን ያዙልኝ። ባለሙያው ቤታችሁ የምትሠሩት እንቅስቃሴ ካልሰጣችሁ ሥራው ግማሽ ነው። ሁልጊዜ እሱ እጅ ላይ እንድትተኙ የሚፈልግ ሰው ሊያድናችሁ ሳይሆን ሊያቆያችሁ ነው።

ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ሄዳችሁ ምንም ለውጥ ካልመጣ ቆም ብላችሁ "ምን ተሳስተናል?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ባለሙያ ያኔ ራሱ ሪፈር ይጽፋል። እኛ ሦስት ወር ጠብቀናል። አትጠብቁ።

ለውጡን ደግሞ በሕመም ብቻ አትለኩት። ሕመም ከቀን ቀን ይለዋወጣል። የምትሠሩትን ቁጠሩ። ያለፈው ሳምንት ስንት እንጀራ ጋግራችሁ አረፋችሁ? ከአዳማ መተሐራ ሳትወርዱ ነዳችሁ? ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆማችሁ? መስጊድ ሱጁድ አድርጋችሁ ያለ ድጋፍ ተነሳችሁ? ሁለተኛ ቀን ስትሄዱ የመጀመሪያው ወሬያችሁ ይህ ይሁን።

አክስቴ መድኃኒቷን ከጨረሰች በኋላ ጡንቻዋን ለማጠንከር ፊዚዮቴራፒ ትመላለስ ነበር። ባለሙያዋ "እንዴት ሰነበቱ?" ስትላት "ደህና ነኝ" አትልም። ወረቀቷን ከጡቷ ሥር ታወጣለች። የልጇ ልጅ ነው የሚጽፍላት። "ማክሰኞ ከቤት እስከ ገበያ፣ አንዴ አርፌ። ሐሙስ፣ ሳላርፍ።"